ለቫዮሊን ተማሪ የክረምት ስንቅ

ሐምሌ ገብቶ የአዲስ አበባ የቆርቆሮ ጣሪያ ከጠዋት እስከ ማታ በዝናም በሚያስተጋባበት ወራት፣ ባሕር ማዶ ያሉ የሙዚቃ ቤቶች ጊዜው የእነርሱ በጋ ስለ ሆነ ደጃቸውን ከፍተው፣ ዓመቱን ሙሉ በየአገሩ ሲደክም የቆየውን ወጣት የቫዮሊን ተማሪ ለሁለት ወይም ለሦስት ሳምንት ሰብስበው በአንድ በበቃ መምህር ፊት የማቆም ልማድ አላቸው፤ ይህንንም ጉባኤ ማስተር ክላስ ይሉታል። ወደዚያ ለመሄድ አሳቡ ያለህ፣ ወይም የመቀበያው ደብዳቤ ደርሶህ ዝግጅትህን ከየት እንደምትጀምር ግራ የገባህ ተማሪ ብትሆን፣ ይህ ጽሑፍ ለአንተ የተጻፈ ነው። አንተ ማለቴም ለአጻጻፉ እንዲቀና ብዬ ነው እንጂ ምክሩ ለእኅቶቼም ያው ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የምትሄድበት ነገር ምን እንደ ሆነ ዕወቅ። ብዙ ሰው ማስተር ክላስ ማለት ከአንድ ታላቅ ሰው ጋር ለብቻ የሚደረግ ትምህርት ስለሚመስለው፣ በመጨረሻው ቀን ሒሳቡን ሲያወራርድ ለራሱ የደረሰው አራት ወይም አምስት ሰዓት ብቻ ሆኖ ሲያገኘው ገንዘቡንና ድካሙን በከንቱ ያፈሰሰ ይመስለዋል። ሥርዐቱ ግን ከመሠረቱ ለብቻ የሚሰጥ ትምህርት አልነበረም። የሃንጋሪው ተወላጅ ፍራንዝ ሊስት ከ1869 እ.ኤ.አ. ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1886 ድረስ በጋ በጋውን በጀርመን አገር በቫይማር ከተማ ተቀምጦ የፒያኖ ተማሪዎችን ያለ ዋጋ ሲያስተምር፣ አንዱ ሲጫወት ሌሎቹ ዙሪያውን ሆነው ይሰሙ ነበር። በቅዱስ ጴጥሮስ ከተማ በፒተርስቡርግ ከ1868 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ወደ ሃምሳ ዓመት ያህል ቫዮሊን ያስተማረው ሊዮፖልድ አወርም፣ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በፊት በነበሩት ዓመታት በጋውን በድሬስደን አጠገብ በምትገኘው በሎሽቪትስ ሲያሳልፍ ተማሪዎቹ እስከዚያ ድረስ ይከተሉት ነበር፤ ሚሻ ኤልማን፣ ኤፍሬም ዚምባሊስት፣ ያሻ ሃይፌትስ ከዚህ ሰው እጅ የወጡ ናቸው።

ይህ ሥርዐት ለእኛ እንግዳ ነው ለማለት አልደፍርም። በቅኔ ቤት ያለፈ ሰው እንደሚመሰክረው፣ ተማሪው ሲቆጥር የዋለውን ቅኔ በየኔታ ፊት ሲነግር ጓደኞቹ ለምዳቸውን ደርበው ይሰማሉ፤ የኔታም ቤት ያልመታለትን፣ ምስጢር ያልሞላለትን ሲያርሙ፣ እርማቱ የአንዱ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የጉባኤው ሁሉ ገንዘብ ይሆናል። የቫዮሊኑም ጉባኤ በዚሁ መንገድ የሚሄድ ነውና፣ ከዚህ በታች የምሰጥህ ምክር ሁሉ በአንድ ነገር ላይ የቆመ መሆኑን አስቀድሜ እነግርሃለሁ፤ ይኸውም ወደ ማስተር ክላስ የሚኬደው ለመታረም ነው፣ አንተ ከምትታረምበትም ሰዓት ይልቅ የባልንጀራህን እርማት የምትሰማበት ሰዓት የበለጠ ያስተምርሃል።

መምህርን ስለ መምረጥ

ቦታውን ከመምረጥህ በፊት መምህሩን ምረጥ። ስማቸው የተጠራ ቤቶች ብዙ ናቸው፤ በኦስትሪያ በሳልዝቡርግ ያለው የሞዛርቴዩም የበጋ አካዳሚ ሊሊ ሌማን በተባለች ዘማሪት በ1916 እ.ኤ.አ. የተመሠረተ ነው፤ በኢጣልያ በሲየና ከተማ ያለውን የኪጂያና አካዳሚ ኮንት ጉይዶ ኪጂ ሳራቺኒ በ1932 እ.ኤ.አ. በራሱ ቤተ መንግሥት ውስጥ አቋቁሞ፣ እንደነ ጆርጅ ኤኔስኩና እንደነ ፓብሎ ካሳልስ ያሉ ሊቃውንት በአዳራሾቹ አስተምረውበታል። በአሜሪካ ደግሞ በፋርስ አገር በታብሪዝ ከአርመን ወላጆች የተወለደው ኢቫን ጋላሚያን በ1944 እ.ኤ.አ. በኒው ዮርክ ግዛት በአዲሮንዳክ ተራሮች መካከል ሜዶማውንት የተባለውን የበጋ ትምህርት ቤት መሥርቶ፣ እነ ኢትዝሃክ ፐርልማንንና እነ ፒንካስ ዙከርማንን በዚያ ኮትኩቷል።

የስም ትልቅነት ግን ልብህን አያስክረው። መልካም ተጫዋች ሁሉ መልካም መምህር አይደለም፤ ስለዚህ የመምህሩን የራሱን ሸክላ ወይም ቀረጻ ከመስማት ይልቅ ተማሪዎቹን ፈልገህ ስማቸው። ሁሉም በአንድ ዐይነት ድምፅና በአንድ ዐይነት አካሄድ የሚጫወቱ ከሆነ ያ መምህር ማኅተሙን የሚያትም ነው፤ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ልሳን የሚናገሩ ሆነው ሁሉም ግን የጠራ ቅኝት ካላቸው፣ ገንዘብህን ወደዚያ ይዘህ ብትሄድ አትጸጸትም። ከዚያ በኋላ ለቢሮው ሦስት ጥያቄ ጻፍ፤ በአንድ ጉባኤ ስንት ተማሪ ይቀመጣል፣ ለእያንዳንዱ ስንት ጊዜ መቅረብ ይደርሰዋል፣ ፒያኖ የሚያጅብ ሰው በቤቱ ይመደባል ወይስ ተማሪው ራሱ ይፈልጋል? ተቀባይነት ያገኘ ተጫዋች ተማሪ እንዳለ ሁሉ፣ በአነስተኛ ክፍያ ተቀምጦ የሚሰማ አድማጭ ተማሪም በብዙዎቹ ቤቶች ይፈቀዳልና፣ በመጀመሪያው ዓመት ሳይሳካልህ ቢቀር አድማጭ ሆነህ መሄድን እንደ ውርደት አትቁጠረው። ክፍያው ከአቅምህ በላይ ከሆነም የነጻ ትምህርት ዕድል እንዳለ በግልጽ ጠይቅ፤ ያልጠየቀ ተማሪ ስሙ በዝርዝሩ አይገኝም።

ለማመልከቻ የሚላከው ቀረጻ ሳይቆረጥና ሳይቀጠል ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ጊዜ የተወሰደ፣ ሁለቱን እጆችህንና ደጋኑን ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያሳይ ይሁን። ብዙዎቹ ቤቶች ማመልከቻ የሚቀበሉት በእነርሱ ጸደይ፣ በእኛ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ በጥር ወይም በየካቲት ቅረጸው፤ ያን ጊዜ ሰማዩ ጥርት ያለ ነው፣ ጣሪያውም ዝም ያለ ነው። በበልግ ዝናም በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር የተቀረጸ ባኽ ሰምቼ አውቃለሁ፤ ቫዮሊኑ ከነበረበት ይልቅ ዝናሙ ጎልቶ ይሰማ ነበር።

የይለፍ ወረቀቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ወደ ሼንገን አገሮች የሚሄድ ሰው ከጉዞው ስድስት ወር አስቀድሞ ማመልከት ይችላል፣ ከ15 ቀን ያነሰ ጊዜ ሲቀረው ግን ጊዜው አልፎበታል፤ የጤና መድኑም ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ከመቀበያው ደብዳቤ ጋር የክፍያውን ደረሰኝና የማረፊያህን ማስረጃ አያይዝ።

ዜማውን ስለ ማዘጋጀት

አዲስ ዜማ ይዘህ አትሂድ። ይህን ምክር ስንቱ ተማሪ ሰምቶ ስንቱ እንደ ጣሰው ብናገር አያልቅም፤ ተማሪው በታላቅ ሰው ፊት በከባድ ሥራ ለመታየት ሲመኝ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት የጀመረውን ኮንቼርቶ ይዞ ይቀርብና፣ መምህሩ ስለ ዜማው መንፈስ ሊናገር ሲገባው ስለ ጣት አቀማመጥ ሲያርም ሰዓቱ ያልቅበታል። ይዘህ መሄድ ያለብህ ቢያንስ ለስድስት ወር የኖርክበትን፣ በቃልህ የያዝከውን፣ በሰው ፊትም አንድ ሁለት ጊዜ የተጫወትከውን ነው።

ሁለት ዋና ዋና ሥራና አንድ ልምምድ ይበቃሃል። አንዱ ከዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ያለ አጃቢ ለቫዮሊን ከተጻፉት ስድስቱ ሶናታና ፓርቲታዎች መካከል ይሁን፤ ባኽ በ1720 እ.ኤ.አ. በእጁ የጻፈው ቅጂ ዛሬም ስላለና በፎቶግራፍ ስለ ታተመ፣ የደጋኑን ማሰሪያ እርሱ ራሱ እንዴት እንደ ጻፈ አስቀድመህ ተመልከት። ሁለተኛው ኮንቼርቶ ይሁን፤ እኔ ብጠየቅ የሞዛርትን እመርጥልሃለሁ። ሞዛርት ለቫዮሊን ከጻፋቸው አምስት ኮንቼርቶዎች አራቱን በ1775 እ.ኤ.አ.፣ ገና የ19 ዓመት ጎልማሳ ሳለ ጽፏቸዋል፤ ለጣት ከባድ የማይመስሉ ሆነው ሳለ ለመሸሸጊያ ቦታ የሌላቸው ስለሆኑ፣ መምህሩ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ማንነትህን ያነብባል። ለልምምድም ከክሮይትሰር 42 ልምምዶች አንዱን ያዝ። ስኬሎችህን ደግሞ አትርሳ፤ ሃይፌትስ በ1962 እ.ኤ.አ. በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በፊልም በተቀረጸው ትምህርቱ ላይ ኮንቼርቶ ይዞ የቀረበውን ተማሪ ስኬል አስጫውቶ ይፈትን ነበርና፣ በዛሬዎቹም መምህራን ዘንድ ይህ ልማድ አልጠፋም።

ኖታህን በሦስት ቅጂ አዘጋጅ፤ አንዱ ለአንተ፣ ሁለተኛው ምንም ያልተጻፈበት ንጹሕ ቅጂ ለመምህሩ፣ ሦስተኛው የፒያኖው ክፍል ለአጃቢው ነው። የዜማውን እርከኖች (ባር የሚባሉትን) ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁጥር ስጣቸው፤ «ከ47ኛው» ሲባል በጣትህ እየቆጠርክ መምህሩን ማስጠበቅ አያስፈልግም። በኖታው ላይ የሚጻፈው በእርሳስ ብቻ ይሁን፤ ዛሬ የተወሰነው ነገ ይሻራልና።

መሣሪያውና መንገዱ

ቫዮሊን ከእንጨት የተሠራ ነው፤ እንጨትም ከዛፉ ከተለየ በኋላ እንኳን ከአየሩ ውሃ መጠጣቱንና መትፋቱን አይተውም። በሐምሌ ከአዲስ አበባ ስትነሣ መሣሪያህ ዝናም የጠጣ፣ መቃኛዎቹም አብጠው አልዞር ያሉ ይሆናሉ፤ በአውሮፕላኑ ውስጥ ግን የአየሩ እርጥበት ከመቶ ከ20 በታች ይወርዳል፣ ስለዚህ ያበጠው ይኮማተርና መቃኛዎቹ በየፊናቸው ይለቃሉ። ለቫዮሊን የሚስማማው ከመቶ ከ40 እስከ 60 ያለው ነውና፣ በሣጥኑ ውስጥ የምታስቀምጣት ትንሽ እርጥበት መለኪያና ማርጠቢያ ግዛ፤ ስትደርስም ሣጥኑን ወዲያው አትክፈተው፣ የክፍሉን አየር ለአንድ ሰዓት ያህል ይልመድ።

እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ብናገር ለአንተ ማስጠንቀቂያ ይሆንሃል። ቫዮሊን በሆዱ ውስጥ፣ በብርኩማው ቀኝ እግር አጠገብ፣ ከላይኛው ሰሌዳ እስከ ታችኛው የተገተረች፣ በሙጫ ያልተጣበቀች፣ በክሮቹ ጫና ብቻ የቆመች ትንሽ የእንጨት ምሰሶ አለችው፤ ኢጣልያኖች አኒማ ይሏታል፣ ነፍስ ማለት ነው። እኔ በወጣትነቴ ወደ አንድ የበጋ ጉባኤ ስሄድ፣ ክሮቹ በመንገድ እንዳይበጠሱ የተጠነቀቅሁ መስሎኝ አራቱንም ፈጽሜ አላላኋቸው፤ ስደርስ ሣጥኑን ብከፍት ብርኩማው ወድቆ፣ ነፍሷም በሆዱ ውስጥ እየተንከባለለች አገኘኋት። የሚያቆማት ባለሙያ ወረፋ ስለ ነበረበት ሦስት ቀን ጠብቅ አለኝ፤ ያን ሦስት ቀንም ደብተር ይዤ ከአድማጮች መካከል ተቀመጥሁ።

በሁለተኛው ቀን አንዲት ልጅ እኔ ላቀርበው የነበረውን የሞዛርትን አምስተኛ ኮንቼርቶ ይዛ ቀረበች። በዚያ ሥራ ኦርኬስትራው በፈጣን ዜማ ከጀመረ በኋላ ቫዮሊኑ ሲገባ በድንገት ሁሉ ነገር ይረጋና፣ ተጫዋቹ በጥቂት እርከኖች ዝግታ ውስጥ ይናገራል። ልጂቱ በንጹሕ ቅኝት ተጫወተችው፤ እኔም በልቤ የሚታረም ነገር የለም አልሁ። መምህሩ ግን ደጋኑን ከመሳቧ በፊት ትንፋሿን እንደምትይዝና የመጀመሪያው ድምፅ በዚህ ምክንያት ታፍኖ እንደሚወለድ አሳዩአት፤ አስተንፍሳ ስትጀምር አዳራሹ የሰፋ መሰለኝ። በዚያች ሰዓት ይህ ጥፋት ለዓመታት የእኔም ጥፋት እንደ ነበር ዐወቅሁ፤ ደጋን በእጄ ይዤ፣ ልቤ እየመታ በመምህሩ ፊት ቆሜ ቢሆን ግን ይህን አልሰማውም ነበር። ቫዮሊኔ በሦስተኛው ቀን ነፍስ ዘርቶ ሲመለስልኝ ከጉባኤው ዋናውን ትምህርት አግኝቼ ጨርሼ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

ስለዚህ ክሮቹን በግማሽ ድምፅ ያህል ብቻ ዝቅ አድርጋቸው፤ የደጋኑን ፀጉር ግን ፈጽመህ አላላ። ሁለት ሙሉ የክር ስብስብ ያዝ፤ ቀጭኑ ክር ቶሎ ስለሚበጠስ እርሱን ለብቻው ሦስት አድርገው። የደጋኑ ፀጉር ካረጀ ከመነሣትህ ከሁለት ሳምንት በፊት አስለውጠው። የደጋንህ ጫፍ ከዝሆን ጥርስ ወይም እጀታው ከዔሊ ቅርፊት የተሠራ እንደሆነ ያለ ፈቃድ ወረቀት ድንበር አታሻግረው፤ ይወረሳል። ቫዮሊንህን ከሻንጣ ጋር በአውሮፕላኑ ሆድ አትስደድ፤ ቲኬቱን ከመቁረጥህ በፊት በእጅ መያዝ እንደሚፈቀድልህ በጽሑፍ አረጋግጥ። የግዢውን ደረሰኝና የመሣሪያውን ፎቶግራፍም ስትመለስ ለጉምሩክ የምታሳየው ስለሆነ ከፓስፖርትህ ጋር አስቀምጥ።

በመምህሩ ፊት

በአውሮፓ ብዙ ቦታ ፒያኖው የሚቃኘው በ440 ሳይሆን በ442 ወይም በ443 ነውና፣ ከመሄድህ ከአንድ ወር በፊት ጀምሮ በዚያው ልክ ተለማመድ፤ ጆሮህ ከለመደው ጥቂት ከፍ ያለ ቅኝት በመጀመሪያው ቀን ጣትን ያሳስታል። ወደ ክፍሉ ከተራህ ግማሽ ሰዓት ቀድመህ ግባ። ስትጠራ የዜማውን ስምና ክፍል ተናገር፣ ንጹሑን ቅጂ ለመምህሩ ስጥ፣ ከአጃቢው ጋር የፍጥነቱን ልክ በሁለት እርከን ተግባባና ጀምር። መምህሩ እጃቸውን ሲያነሡ በጀመርከው እርከን ላይ እንኳን ብትሆን ወዲያው አቁም።

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ደረስን። እኛ ኢትዮጵያውያን በሰው ፊት መታረም ያስጨንቀናል፤ ይሉኝታ የሚባለው ነገር ከልጅነታችን ጀምሮ ስለሚከተለን፣ መምህሩ ሲናገሩ ዐይናችንን ወደ መሬት አድርገን «እሺ» እንላለን፣ ያልገባንንም «እሺ» እንላለን፣ ያልተስማማንበትንም «እሺ» እንላለን። በአገራችን ይህ የአክብሮት ምልክት ነው፤ ለውጭው መምህር ግን ዐይኑን የሰበረ ተማሪ ያልሰማ ወይም የተቀየመ ይመስለዋል፣ «እሺ» ያለውም የተረዳ ይመስለዋልና ወደሚቀጥለው ነገር ያልፋል። ስለዚህ ትሕትናህን በልብህ አድርገህ ዐይንህን ቀና አድርግ፤ ያልገባህንም በአጭሩ ጠይቅ። «የሚለወጠው ድምፁ ነው ወይስ ክንዴ?» ማለት የሚያሳፍር ጥያቄ አይደለም። ሌላው የይሉኝታ ልጅ ደግሞ ምክንያት ማብዛት ነው፤ «ቤት ስጫወተው ይወጣልኝ ነበር» የሚለውን ቃል በዓለም ላይ ያልሰማው መምህር የለም፤ ስለዚህ አንተ እንኳን ተውለት።

የታዘዝከውን ለውጥ ወዲያውኑ፣ በዚያው ሰዓት፣ ከተባለው በላይ አግንነህ አድርገው። ጥቂት ጨምር ብትባል ብዙ ጨምር፤ መምህሩ መልሶ ይቀንስልሃል፣ በፍርሃት የተደረገን ጥቂት ለውጥ ግን ከፊተኛው ለይቶ የሚሰማው የለም። በኢጣልያ ብትሆን ሁለት ሦስት ቃል ዕወቅ፤ አንኮራ ሲሉህ እንደገና፣ ዳ ካፖ ሲሉህ ከመጀመሪያው፣ ፒዩ ሲሉህ ጨምር፣ ሜኖ ሲሉህ ቀንስ ማለታቸው ነው። የቀረው ሁሉ በእጅ ምልክት ይገባሃል።

አንድ ችግር ሳይገጥምህ አይቀርም፤ ይኸውም የአዲስ አበባው መምህርህ ያስተማሩህንና ይህኛው የሚሉህን የማስታረቅ ችግር ነው። ደጋን አያያዝ ላይ ይህ ብዙ ጊዜ ይታያል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አያያዝን ከሥሩ የሚነቅል ተማሪ ሁለቱንም አጥቶ እንደሚመለስ አይቻለሁ፤ ስለዚህ የተነገረህን ጻፍ፣ ሞክረው፣ ውሳኔውን ግን ወደ አገርህ ከተመለስክ በኋላ አድርግ። አወር ራሱ በ1921 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለ ደጋን አያያዝ ለሰው ሁሉ የሚሆን የማይለወጥ ደንብ ሊሰጥ እንደማይቻል ገልጿል፤ እንዲህ ያለ ሰው ደንብ ካልሰጠ፣ አንተም ለአንድ መምህር ብለህ ሌላውን አታዋርድ።

ተራህ ካለቀ በኋላ መሣሪያህን ጠርገህ ወደ ካፌ አትሩጥ፤ እንዲያውም ያን ጊዜ ነው ሥራህ የሚጀምረው። ደብተርህን በሁለት ዓምድ ክፈለው። ባልንጀራህ ተጫውቶ ሲጨርስ፣ መምህሩ ከመናገራቸው በፊት፣ አንተ ብትሆን ምን ብለህ እንደምታርመው በአንደኛው ዓምድ ጻፍ፤ መምህሩ ከተናገሩ በኋላ እሳቸው ያሉትን በሁለተኛው ጻፍ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሁለቱ ዓምዶች እንደ ሰማይና ምድር የተራራቁ ይሆናሉ፤ አንተ «ቅኝቱ ወርዷል» ስትል እሳቸው የግራ አውራ ጣቱ እንደ ተጨመደደ ይናገራሉ፤ አንተ የምልክቱን ትጽፋለህ፣ እሳቸው የምክንያቱን። በሁለተኛው ሳምንት ዓምዶቹ በሦስት ወይም በአራት ቦታ የተገናኙ እንደ ሆነ፣ ያ ጉባኤ የሚሰጥህን ሰጥቶሃል። ቀረጻ ማድረግ በሚፈቀድበት ቤት ብዙ ሰው ጽሕፈቱን ይተወዋል፤ እኔ ግን የዚያን ሁሉ ሰዓት ቀረጻ መልሶ የሰማ ተማሪ አላየሁም።

ጥናቱና ኑሮው

በቤትህ በቀን ሁለት ሰዓት የምትለማመድ ሆነህ በዚያ በድንገት ስድስት ሰዓት ብታደርገው፣ በአራተኛው ቀን ክንድህ እምቢ ይላል። ከመሄድህ ከስድስት ሳምንት በፊት ጀምረህ በየሳምንቱ ጥቂት በጥቂት ጨምር፤ ከእያንዳንዱ ሰዓት አሥሩን ደቂቃ ዕረፍ፤ ሕመም ከተሰማህ ዕለቱን አቁም። በጋላሚያን ትምህርት ቤት ጠዋቱ በሙሉ ለብቻ ጥናት የተለየ ነበር፤ አንተም ጠዋቱን ለራስህ፣ ከሰዓት በኋላውን ለጉባኤው አድርገው።

በኢጣልያ ከምሳ በኋላ ሰዎች የሚያርፉበት ሰዓት ስለሆነ በተከራየኸው ክፍል ቫዮሊን ብትስብ ጎረቤት ይጣላሃል፤ በብርኩማው ላይ የሚሰካውን የላስቲክ ማፈኛ ያዝ። ወደ ሲየና የሚሄድ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ፤ ፓሊዮ የተባለው ዝነኛ የፈረስ ውድድራቸው በጁላይ 2 እና በኦገስት 16፣ በእኛ በሰኔ 25 እና በነሐሴ 10 ስለሚደረግ፣ በእነዚያ ቀናት ዙሪያ ክፍል ማግኘት ይቸግራል፣ ከበሮውም አያስጠናም። የነሐሴው ውድድር የእመቤታችንን ዕርገት አስመልክቶ የሚደረግ ነው፤ የእኛ የፍልሰታ በዓል ነሐሴ 16፣ የእነርሱ ውድድር ኦገስት 16 መሆኑ፣ ቀኑ የተለያየ ቁጥሩ የተገናኘ በመሆኑ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል። በጾሙም ምክንያት አትጨነቅ፤ ከነሐሴ 1 ጀምሮ ያሉት 15 ቀናት በጉባኤው መካከል ቢውሉብህ፣ የኢጣልያ ማእድ ከባቄላው፣ ከምስሩና ከቲማቲም ፓስታው ጋር ለጿሚ የተመቸ ነው፤ አይብ እንዳይነሰንሱብህ ብቻ አስቀድመህ ንገራቸው።

በመጨረሻው ምሽት ኮንሰርት ይደረጋል። ብትመረጥ ደስ ይበልህ፣ ባትመረጥ ደብተርህን አስብ። አንዳንዴ ከኮንሰርቱ በኋላ በሚደረገው የወዳጅነት ጨዋታ የአገርህን ዜማ ይጠይቁሃልና፣ በአምባሰል ወይም በባቲ ቅኝት ያለ አንድ አጭር ዜማ ለዚያ ሰዓት አዘጋጅ።

ከተመለስክ በኋላ

በመጀመሪያው ሳምንት አዲስ ሥራ አትጀምር፤ ደብተሩን ከፍተህ ለአንተ የተነገሩትን እርማቶች ብቻ በአንድ ገጽ ላይ በንጹሕ ገልብጥ፤ አብዛኛውን ጊዜ ብዙ የመሰሉት ወደ ሦስት ወይም አራት ነገር ይጠቃለላሉ። ከእነርሱ አንዱን ምረጥና እስከ መስቀል ድረስ በእርሱ ላይ ብቻ ሥራ። ለውጭው መምህር የምስጋና ደብዳቤ ጻፍ፤ አምስት መስመር ይበቃዋል፣ በደብዳቤውም ከተማርከው አንዱን ነገር በስሙ ጥቀስ።

ወደ አዲስ አበባው መምህርህ ግን ደብዳቤ አትጻፍ፤ ራስህ ሂድ። «እዚያ እንዲህ አይደለም የሚያደርጉት» በሚል ቃል አትጀምርባቸው፤ ቫዮሊኑን የመጀመሪያውን ቀን በእጅህ ያስያዙህ እሳቸው ናቸውና። የሞዛርቱን ዝግታ ተጫወትላቸው፣ ከዚያም ዝም በልና የሚሉህን ጻፍ።